ከስሜ ሥር ያለው ቀይ መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
ከዘንባባው ጥላ ተቀምጬ ነበር።
ጠረጴዛዬ ላይ የጽሕፈት መኪና፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ፣
ከፊቴ አንድ በርጩማ፣ ሰው የሚያርፍበት ሲያለቅስ።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ ስጀምር፣
የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የብድር፣
ጣና ራሱ እንኳ ቢከሰስ በጎርፍ፣
ከኔ ጣት ሳይወጣ ዳኛ ጋ አያልፍ።

ዘንድሮ በርጩማው ባዶውን ዋለ፤
«አቤቱታ በኮምፒውተር ነው» ተባለ።
ማዶ አንድ ጎረምሳ፣ ሱቅ የከፈተ፣
ሦስቱን ሰው ሸኝቶ አራተኛውን ጎተተ።

ኩራቴን ዋጥኩና
ከወጣት ማዕከሉ፣ ከቅዳሜው ክፍል ገባሁ፤
ከልጅ ልጄ እኩዮች ኋላ ወንበር ተገኘሁ።

አስተማሪያችን እንጉዳይ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣
ከዘጌ ነው በጀልባ፣ በማለዳ መምጣቷ፤
ሐይቁ ከተቆጣ ትምህርት አይኖርም፣
ማዕበል ለኢንተርኔት ደንታ የለውም።

«ማውዙን ያዙ» አለችን። ቀስቷ ትሸሻለች፣
እንደ ቆሮሶ ጫጩት ከእጅ ታመልጣለች።
ሠላሳ ዓመት ፊደል የቀጠቀጠ ጣት
አንዲት ቀስት ለመያዝ ፈጀበት ሦስት ሰዓት።

«የይለፍ ቃል» ስትል ትዝ አለኝ ቅኔ ቤት፣
የኔታ የሚሉን «ወርቁን ከሰም ሥር ቅበሩት»።
ልደቴን አልጻፍኩም፣ የልጄንም ስም፤
ወርቁን እኔ አውቃለሁ፣ ሌባ ይላስ ሰም።

ከጎኔ ፈንታነሽ፤ ዓሣ ንግድ ሥራዋ፣
ያለ ሚዛን ኪሎ ያውቃል ትከሻዋ።
አንድ ባለ ኮት መጣ፤ አሥራ ሁለት አምባዛ
«ብሩን ልኬልሻል» አላት፣ ስልኩን አሳይቶ በዋዛ።
«ደርሷል» የሚል ጽሑፍ፣ ማኅተም የመሰለ፣
አየች፣ አመሰገነች፤ ዓሣው ተጠቀለለ።
ማታ ሒሳቧ ሲታይ ከጧቱ አልጨመረ፤
ስልኩም ከነባለቤቱ ላይመለስ በረረ።

«ክሱን ልጻፍልሽ» አልኳት፤ ልማድ አይለቅም።
ከሳሽ፦ ወይዘሮ ፈንታነሽ።
ተከሳሽ፦
እዚህ ላይ ቆምኩ።
ስም የለው፣ አድራሻ የለው፤ ኮቱን ብቻ ነው የምናውቀው።

እንጉዳይ ተቆጣች፦ «የሰው ስልክ ምን ያደርግላችኋል?
የገባ ብር በራሳችሁ ሒሳብ ላይ ይታያል!»
ፈንታነሽ ደጋገመችው፣ ልክ እንደ ውዳሴ፦
«የራሴን ስልክ፣ የራሴን ሒሳብ፣ ዓሣው ሳይነሳ፣ የራሴ!»

ደግሞ ሌላ ቅዳሜ፣ የመጻፍ ቀን መጣ።
በፈረንጅ ፊደል ገብቶ በግዕዝ የሚወጣ!
ይህን ቁልፍ ማን ሠራው? ከየት ነው ያመጣ?
ስሜን ጻፍኩ በሙሉው፦ ጌጤነህ ተሻለ አዱኛ።
ከጌጤነህ ሥር ቀይ መስመር ተሰመረ፣ ሞገደኛ።
«ምንድን ነው?» «ስሕተት አለ ማለቱ ነው ማሽኑ።»
ሳቁ ሁሉም። እኔ አልሳቅኩም፤ አናዶኛል መዳኘቱ፣
ስልሳ አራት ዓመት የተጠራሁበትን ደፍሮ መኰነኑ።

እንጉዳይ ጎንበስ አለች፦ «አባባ፣ ቅር አይበልዎ፣
ገና አያውቅዎትም እኮ። ይንገሩት በእጅዎ፤
የቀኙን ይጫኑ፣ ‹ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር› የሚለውን።»
ጨመርኩት።
መስመሩ ጠፋ።

ደንገል ብዬ ጻፍኩ። ቀይ። ጨመርኩ።
አምባዛ። ቀይ። ጨመርኩ።
ፈንታነሽን ጻፍኩ፤ አየች አጎንብሳ፤
«እኔንም አያውቀኝ?» አለች፤ «እንግዲያ ይወቃ!»
ቁልፉን ራሷ ደቁሳ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል «አስቀምጡ!» አለች፤
ንፋስ ተነስቷል፣ ጀልባዋ ወደቡ ላይ ትጠብቃለች።
በሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ሁሉ
የአባት ስም፣ የአያት ስም ሞልቻለሁ ለባለጉዳዩ በሙሉ።
«ቆይ» አልኳት፣ ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ፤
«እናቴ ቀርታለች።»